ፋሲካ ያመጣችው ማጣሪያና የለተሥላሴ በርሜል

ወይዘሮ ለተሥላሴ በርሜሉን በጣቷ አንጓ እያንኳኳች ከላይ ወደ ታች ወረደች። ባዶው ቦታ ይጮኻል፤ ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይታፈናል። ትናንት የታፈነው ከበርሜሉ ወገብ በላይ ነበር። ዛሬ ከቁርስ በኋላ ስታንኳኳ ከወገቡ በታች ወርዶ አገኘችው። ልብስ አልታጠበም፣ ጠላ አልተጠነሰሰም፣ እንግዳም አልመጣም። በቤቱ ያሉት እሷና ልጇ ፋሲካ ብቻ ናቸው።

ውሃውን ማን እንደጠጣው ታውቃለች። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያጉረመርማል። ነጫጭ ወፋፍራም ቱቦዎች ጎን ለጎን የቆሙበት፣ ከሥሩ ትንሽ ሞተር ያለው የውሃ ማጣሪያ ነው። በአንዱ ቀጭን ቱቦ ንጹሑ ውሃ ጠብ፣ ጠብ እያለ ጆግ ውስጥ ይወርዳል። በሌላው፣ በመስኮቱ ጥግ ወደ ውጭ በወጣው ጥቁር ቱቦ ግን ያለማቋረጥ ይፈሳል። ጆጉ ግማሽ ሳይደርስ ውጭ የሚፈሰው ባልዲ ይሞላል።

«ፋሲካ፣» አለች ለተሥላሴ በማድ ቤቱ በር ብቅ ብላ።

«አቤት እማ።»

«ምንም አይደል። ቁርስሽን ጨረሽ ወይ ልልሽ ነው።»

ሊናገር የመጣው አፏ ሌላ ነገር ተናግሮ ተመለሰ። ይህ ለብዙ ሳምንታት ሲሆን የቆየ ነው።

ለተሥላሴ ተወልዳ ያደገችው ጋፋት አጠገብ፣ ከምንጭ ውሃ በሚቀዳበት መንደር ነው። ልጅ ሆና የእንስራው ገመድ ያረፈበት ትከሻዋ እስካሁን ብርድ ሲመጣ ይጠዘጥዛታል። በእናቷ ቤት ፊት የታጠቡበት ውሃ አይደፋም ነበር፤ እግር ይታጠቡበታል። እግር የታጠቡበት ደግሞ ወደ ጎመኑ መደብ ይሄዳል። ተድራ ደብረ ታቦር ስትገባ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበረው ባሏ በላይነህ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያስገባላት ቀን እልል ብላለች። ቧንቧው አሁንም አለ። ውሃው ግን በፈረቃ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንዴም ሳምንቱን ይዘላል። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ሲመጣ ቧንቧው አስቀድሞ ያስላል፤ እሷም የያዘችውን ጥላ በርሜሉን ልትሞላ ትሮጣለች። ያ በርሜል እስከሚቀጥለው ሳል ድረስ የቤቱ ሁሉ ነገር ነው።

በላይነህ ካረፈ ወዲህ ያላት ፋሲካ ብቻ ናት። እሷም ብዙ ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ ባለፈው ጥቅምት ተመለሰች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ትልቁን ሻንጣ ለማንም አላስይዝም ብላ እራሷ አቅፋ ነበር የገባችው። ለተሥላሴ ልብስ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። ሲከፈት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ማሽን ወጣ።

«ማዳሜ ቤት እንዲህ ያለ ነበር፣» አለች ፋሲካ፣ እየዳሰሰችው። «ውሃው እንዴት እንደሚጣፍጥ ብታውቂ እማ! ይሄን ሳላመጣ አልገባም ብዬ ነው።»

ማሽኑ መጀመሪያ እንደተጠቀለለ አልጋ ሥር ተቀመጠ። ፋሲካ በመጣች በወሩ ግን ታይፎይድ ጣላት። ትኩሳቱ አቃጥሏት፣ ፀጉሯ ተነቃቅሎ፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ፣ «ሳይፈላ ወይም ሳይጣራ ውሃ እንዳትጠጪ» አላት። በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው ጌጡ ተጠራ።

ጌጡ ግድግዳውን እያንኳኳ፣ «እማማ፣ ይሄ ጭቃ ነው እኮ፣ ምስማር አይዝልኝም» ሲል ዋለ። በመጨረሻ ጣውላ መትቶ ሰቀለው፤ ከበርሜሉም በቱቦ አገናኘው። ጥቁሩን ቱቦ በእጁ ይዞ ደግሞ፣ «ይሄ የት ይውጣ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ለተሥላሴ።

«የማያስፈልገው ውሃ የሚወጣበት ነው።»

«የማያስፈልግ ውሃ?»

«አዎ እማማ።»

«ውሃ ሆኖ የማያስፈልግ?»

ጌጡ ሳቀ። «እኔን አይጠይቁኝ። እኔ የምሰቅለው ነኝ።»

ፋሲካ ከአልጋዋ ሆና፣ «ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣ ነው እማ፣» አለች። «ጨዉም ጀርሙም እዚያ ውስጥ ነው። እንዳትነኪው። ወደ ቦዩ ይፍሰስ።»

ወደ ቦዩ ፈሰሰ። ለተሥላሴ ቆማ አየችው። እንደ ማንኛውም ውሃ ነው፤ ጠጠሩ ከሥሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ቀን አየችው፣ ሁለት ቀን አየችው፤ በሦስተኛው ባልዲ አመጣችና ከቱቦው ሥር አስቀመጠች። ፋሲካ ወደ ከተማ ስትወጣ ወለል ትወለውልበታለች፣ እግሯን ትታጠብበታለች፣ የሽንት ቤቱን ስሚንቶ ትፈገፍግበታለች። ፋሲካ ልትገባ ስትል ባልዲውን ከጎመኑ መደብ ጀርባ ትደብቃለች። በገዛ ግቢዋ ውሃ እንደሰረቀ ሰው መሆኗ ያናድዳታል፤ ግን መደበቁን አልተወችም።

አንድ ቀን ማሽኑ ሲያጉረመርም፣ ፋሲካ ኩዌት ካለች ጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማቻት። «እዚህ ምን አለ ብለሽ ነው? ሥራ የለም። ውሃ እንኳ የለም እኮ» ስትል ሰማች። ከዚያ በኋላ ሳቀች፣ ጓደኛዋ ያለቻትን ግን ለተሥላሴ አልሰማችም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ያ «ውሃ እንኳ የለም» የሚለው ነው። እንግዲህ ልጄን የሚወስድብኝ የውሃ ማጣት ከሆነ ውሃ አይጠፋም አለች በሆዷ። ፋሲካ ዳግመኛ በዚያ አውቶቡስ ተሳፍራ ከማያት፣ ማሽኑ የጉናን ተራራ ውሃ ሁሉ ይጠጣ።

ስለዚህ ፋሲካ ሥራ ፍለጋ በወጣች ቁጥር ለተሥላሴ ቢጫውን ጀሪካን አንስታ ጎረቤቷ ፈንታነሽ ዘንድ ትሄዳለች። የፈንታነሽ ግቢ የጉድጓድ ውሃ አለው። ፈንታነሽ የዕድሜ እኩያዋ ናት፤ ባልቴት ናት፣ ምላሷ ስለት ነው።

«መጣሽ?» አለች ፈንታነሽ ገመዱን እየሳበች። «ቤትሽ ውስጥ ዝሆን አስረሻል እንዴ?»

«በርሜሉ ጎደለብኝ።»

«ያ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ላም ነው ያጎደለብሽ። ጠዋት ማታ ታጠጪያታለሽ፤ ወተቷን ያየ የለም።»

«ንጹሕ ውሃ ትሰጣለች እኮ።»

«ትስጥ! የእኔስ አይሰጥም?» ፈንታነሽ በአገጯ ወደ ቤቷ ጠቆመች። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክዳን ያላቸው ባልዲዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጠዋል። በላይኛው ውስጥ እንደ ጧፍ የቆመ ነጭ ሸክላ አለ፤ ውሃው በሸክላው ሰርጎ ወደ ታችኛው ይወርዳል። «አንዲት ጠብታ አይደፋም። የሚያስከፋው ቢኖር መዘግየቱ ነው። ጠምቶሽ ከመጣሽ ውዳሴ ማርያም ደግመሽ፣ መልክዓ ማርያም ደግመሽ፣ ነው የምትጠጪው።»

ለተሥላሴ ሳትወድ ፈገግ አለች።

«ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?» አለች ፈንታነሽ ጀሪካኑን እየሞላች።

«ትቀየመኛለች።»

«ትቀየም! ልጅሽ አይደለችም እንዴ?»

«ትሄድብኛለች ፈንታነሽ።»

ፈንታነሽ የጀሪካኑን ክዳን አጥብቃ ገጠመች። ጀሪካኑን እስከ በሩ ድረስ ራሷ ተሸክማ ሸኘቻት።

ለተሥላሴ ሌላም ጀሪካን አላት፤ እሱ ግን ከውሃው ጋር አይቆጠርም። ከማኅበርተኞቿ ጋር በእግር ሄዳ ከሚካኤል ያመጣችው ጠበል ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ አስራበት ራስጌዋ ተቀምጧል። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ በሲኒ ትጠጣለች፣ ያበጠ ጉልበቷንም ትቀባበታለች። ፋሲካ ከሕመሟ ካገገመች ወዲህ፣ «እማ፣ እኔም ጠበሉን መጀመር እፈልጋለሁ» ብላት ነበር። ለተሥላሴ ደስ ቢላትም ወሬ ቀየረች፤ ደስታዋን ብታሳይ የሚሸሽ እየመሰላት ነው።

አንድ ቅዳሜ ለተሥላሴ ገበያ ሄዳ ጨውና ሽንኩርት ገዝታ ተመለሰች። በጓሮ በኩል ስትገባ ባልዲው እስከ አፉ ሞልቶ አገኘችው። ወዲያው ወደ በርሜሉ ሄዳ አንኳኳች። ስትወጣ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። እንደገና አንኳኳች። አልጎደለም!

«ዛሬስ አዘነልኝ፣» አለች ለማሽኑ።

ጠዋት ባልዲውን ሳትደብቅ ረስታ ነበር የሄደችው፤ ፋሲካ ከቤት ወጥታ እንዳታይባት ቸኮለች። ነጠላዋን አደገደገች፣ ባልዲውን አንጠልጥላ ሽንት ቤት ገባች። ስሚንቶውን በመጥረጊያ ፈገፈገች፤ ውሃው እንደልብ ስለነበር ደጋግማ ደፋችበት፣ ግድግዳውንም ረጨችው። እንዲህ ጸድቶ አያውቅም። የቀረውን እግሯ ላይ አፈሰሰችና ደስ ብሏት ወደ ቤት ገባች።

ፋሲካ ነጠላ ለብሳ ከሚካኤል ሥዕል ፊት ቆማለች። ሻማ አብርታለች። ከሻማው አጠገብ አንድ የመስታወት ጠርሙስ አለ፤ ውስጡ ያለው ውሃ ከጥራቱ የተነሳ ጠርሙሱ ባዶ ይመስላል። የጠበሉ ጀሪካን መሬት ላይ ነው፤ ነጩ ጨርቅ በሥርዓት ታጥፎ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል።

«እማ፣ ጠበሉን አጠራሁት፣» አለች ፋሲካ። ፊቷ በርቷል።

«ምን አደረግሽው?»

«አጠራሁት። ከነገ ጀምሬ ልጠጣ ነው። ብቻ ከምንጭ የመጣ ነው፣ ከብትም ይጠጣበታል ብዬ ፈራሁ። ከበርሜሉ ያለውን ቱቦ ነቅዬ ጀሪካኑ ውስጥ ከተትኩት፤ ምንም ሌላ ውሃ አልነካውም።»

ለተሥላሴ ጀሪካኑን አነሳችው። እንደ ነፋስ ቀለላት። ጠርሙሱን አየች፤ ጀሪካኑን አየች።

«ሌላውስ?»

«የቱ ሌላው?»

«ይሄ ሁሉ ጀሪካን እዚህች ጠርሙስ ውስጥ ነው ያለው? ሌላው የት ሄደ?»

«እሱማ በቱቦው ወጣ እማ። ቆሻሻው እኮ ነው።»

«የጠበል ቆሻሻ!»

ለተሥላሴ በሕይወቷ እንዲህ ጮኻ አታውቅም። ድምፁ የራሷ አልመስል ብሏት ወደ ኋላዋ ዞር አለች። የፋሲካ ፊት ደም አልቀረበትም። አሁን ገና ነው የገባት። ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ጓሮ ሮጠች፤ የፈሰሰውን ሰው እንዳይረግጠው አፈር አልብሳ ልትከልለው ነበር ሐሳቧ። ቱቦው ሥር ግን እርጥብ መሬት የለም፤ የባልዲ ክብ ምልክት ብቻ ነው ያለው።

«እማ! እዚህ ባልዲ ነበረ እንዴ? ውሃውን ማን ወሰደው?»

ለተሥላሴ ተከትላት ወጣች። ወደ እግሯ ጎንበስ ብላ አየች። ገና አልደረቀም። ከዚያ ሽንት ቤቱን አየች፤ በሩ ክፍት ነው፣ ስሚንቶው እያብረቀረቀ ነው። የጎመኑ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ልትቆጣ ፈለገች፤ በማን ትቆጣ? ልጅቷ ጠበሉን አክብራ ነው፣ ነጠላ ለብሳ፣ ሻማ አብርታ። ሽንት ቤት ውስጥ ያፈሰሰችው እጅ የራሷ ናት። ያንን ባልዲ ባትደብቅ ኖሮ ውሃው ቦዩ ውስጥ ይሆን ነበር፤ ያም መጥፎ ነው፣ ግን እንደዚህ አይደለም። ሳምንታት ሙሉ አፏን ይዛ የቆየችበት ነገር እዚህ አድርሷታል። ማሽኑ ማድ ቤት ውስጥ ጸጥ ብሎ ተሰቅሏል፤ ለእሱ ምን ተዳው!

እስኪመሽ ድረስ ሁለቱም ሽንት ቤቱን መርገጥ ፈርተው ፈንታነሽ ግቢ ተመላለሱ። ፈንታነሽ በመጀመሪያው ሳትጠይቅ አስገባቻቸው። በሁለተኛው ግን፣ «ውሃም ከእኔ፣ ሽንት ቤትም ከእኔ! ማሽኑን ደግሞ አምጡና የእኔው ግድግዳ ላይ ስቀሉት» አለች። ነገሩን ስትሰማ ግን አማተበችና ራሷ የንስሐ አባታቸውን፣ መምሬ ደሴን ልትጠራ ሄደች።

መምሬ ደሴ በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሸምግለዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማሽኑ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ይሄ ነው?»

«አዎ አባቴ፣» አለች ፋሲካ አንገቷን ደፍታ።

«ምን ያህል ሰጥቶ ምን ያህል ነው የሚጥለው?»

«ካራት እጅ አንዱን ይሰጣል። ሦስቱን ይጥላል አባቴ።»

«ካራት አንድ!» መምሬ ደሴ ወደ ለተሥላሴ ዞሩ። «የአገራችን ገበሬ እንዲህ ያለ መሬት ቢደርሰው ዘሩን ይዞ ይሰደዳል።»

ለተሥላሴ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«እና ልጄ፣ ጠበሉን ለምን አጠራሽው? ምን አየሽበት?»

«ምንም አላየሁበትም አባቴ። ፈራሁ። ታምሜ ነበር። ሕመሙ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈራሁ፤ ጠበሉንም መተው አልፈለግሁም።» እንባዋ ወረደ። «ሁለቱንም ላገኝ ብዬ ነው።»

መምሬ ደሴ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እኔም ቅጠል የወደቀበት እንደሆነ እፍ ብዬ ነው የምጠጣው፣» አሉ በዝግታ። «ያለማወቅ ነው የሁለታችሁም። ስግደት እሰጣችኋለሁ። በጠርሙሱ ያለውን ጠጪው፣ አንዲት ጠብታ እንዳይወድቅ። ሌላ ጊዜ ከፈራሽ ደግሞ መጥተሽ ጠይቂኝ፤ ብቻሽን አትፍሪ።»

«ሽንት ቤቱንስ አባቴ?» አለች ለተሥላሴ። ይህንን ነበር ሌሊቱን ሁሉ ስታስበው ያደረችው። «ይደፈን ይሆን?»

«ደፍናችሁ የት ልትሄዱ ነው?»

«ፈንታነሽ ዘንድ እየሄድን ነው።»

«ፈንታነሽንማ አውቃታለሁ። ቤታችሁ ግቡ። ስታጸጂ ነው የፈሰሰው፤ ልታዋርጂው አልነበረም።» መቋሚያቸውን አነሱ። «አሁን ውሃ ስጡኝ፤ ቅዳሴው ረዝሞ ጠምቶኛል።»

ሁለቱም እኩል ተነሱ። ፋሲካ ከማሽኑ ጆግ ቀዳች። ለተሥላሴ ደግሞ ከፈንታነሽ ጉድጓድ ያመጣችውን አፍልታ ያቀዘቀዘችው አላት፤ እሱን በብርጭቆ አመጣች። መምሬ ደሴ ሁለቱን እጆች እያፈራረቁ አዩ።

«የየትኛውንም ብጠጣ አንዳችሁ ትቀየማላችሁ፣» አሉና የሁለቱንም ጠጡ። የትኛው እንደሚጥም ግን አልተናገሩም።

እሳቸው እንደወጡ ፋሲካ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ያ ባልዲ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቀመጠው?»

«ከመጀመሪያው።»

«አትንኪው ስልሽ?»

«ውሃ ነው እኮ ፋሲካ!» አለች ለተሥላሴ። የትናንቱ ድምፅ መልሶ መጣ፤ ዛሬ ግን ዞር ብላ አላየችም። «ውሃ ነው! በርሜሉ ባንቺ ማሽን ነው የሚያልቀው! እኔ ባሮጊት ጉልበቴ ከፈንታነሽ እየቀዳሁ ነው የምሞላው! ይኸው ካራት ሦስቱን ይጥላል ብለሽ ለአባቴ ነገርሻቸው፤ ለእኔ መቼ ነገርሽኝ?»

«አንቺ ነሽ የምትቀጂው? እኔ ሳልኖር ቧንቧው የሚመጣ መስሎኝ!»

«የትኛው ቧንቧ!»

ፋሲካ ሌላ ሳትናገር ወጣች። ለተሥላሴ፣ ሻንጣዋን ልታነሳ ነው ብላ አሰበች። ፋሲካ ግን ተመልሳ ስትመጣ ደረቷ ላይ ያቀፈችው የፈንታነሽን ሁለት ባልዲዎች ነው። ፈንታነሽም ከኋላዋ፣ «ሸክላዋን እንዳትሰብሪብኝ፣ የዓይኔ ብሌን ናት!» እያለች ተከተለች።

«እንለካው፣» አለች ፋሲካ።

ከበርሜሉ እኩል እኩል ቀዱ። አንዱን ጀሪካን ማሽኑ ጠጣ፤ ጥቁሩ ቱቦ ሥር ባልዲ በይፋ ተቀመጠ። ሌላውን ፈንታነሽ በራሷ እጅ የሸክላው ባልዲ ውስጥ አፈሰሰች። ሦስተኛውን ለተሥላሴ በብረት ድስት ከሰል ላይ ጣደችው። ማሽኑ ቀድሞ ጨረሰ፤ ጆጉ ውስጥ ያለው ጥቂት፣ ባልዲው ውስጥ ያለው ብዙ ነው። የፈላው ከእንፋሎቱ በቀር አልጎደለም፤ ግን ከሰሉን በልቶ ጨረሰ፣ ጭስም ጭስ ይላል። የሸክላው ደግሞ አልመጣም። ሦስቱ ሴቶች ተቀምጠው ጠበቁት። ምሳ በሉ፣ አሁንም ይንጠባጠባል። ወደ ማታ ፈንታነሽ የላይኛውን ክዳን አነሳች፤ ሸክላው ሥር ትንሽ እርጥበት ብቻ ቀርታለች። የቀረው ሁሉ ታች ነው።

ፋሲካ ከታችኛው ባልዲ ቀድታ ቀመሰች። ከማሽኑም ቀመሰች።

«የማሽኑ ይሻላል፣» አለች በብስጭት። «ይጥማል እኮ!»

«ይጥማል፣» አለች ለተሥላሴ። እውነት ነው፤ ይጥማል። ያም አናደዳት።

«ኩዌት የባሕር ውሃ ነው ከጨው አጥበው የሚሰጧቸው። የማዳሜ ቱቦ ወደ ተምሩ ዛፍ ነበር የሚፈሰው፤ ሲፈስ እንዳለ ማንም ልብ አይለውም ነበር።» ፋሲካ ጆጉን አስቀመጠች። «ሐኪሙ እኮ የፈላም ይሆናል ብሎኝ ነበር።»

ፈንታነሽ ለማታ እንጀራ ልታዘጋጅ ስትሄድ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም እማ? ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

«ትሄጂብኛለሽ ብዬ።»

«የት?»

«ወደዚያው። በስልክ ስትናገሪ ሰማሁሽ። ውሃ እንኳ የለም ስትዪ።»

ፋሲካ የሸክላውን ባልዲ ክዳን መልሳ ገጠመች። ስትናገር እናቷን አላየችም።

«ለውሃ ብዬ አልሄድም እማ። በማሽንም ምክንያት አልቀርም። ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካጣሁ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም። ያኔ ብሄድ እንኳ ያንቺ በርሜል ስለጎደለ አይደለም።»

ለተሥላሴ እነዚያን ሁሉ ጀሪካኖች አሰበች፤ በየመንገዱ እያሳረፈች፣ ትከሻዋን እያሻሸች ያመጣቻቸውን። ልጄን እይዝበታለሁ ያለችው ውሃ ከልጇ መቅረትና መሄድ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። ማልቀስ ቃጣት፣ ግን ንዴቷ ቀደመ።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ የቀዳሁት ለምንድን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር!»

ያን ጊዜ ቧንቧው አሳለ።

ሁለቱም ከነበሩበት ዘለው ተነሱ። ለተሥላሴ የውሃ ጎማውን ይዛ ወደ በርሜሉ፣ ፋሲካ ባዶ ጀሪካኖችን እያንጋጋች ወደ ቧንቧው ሮጠች። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆኖ መጣ፤ ከዚያ ጠራ። በርሜሉ ውስጥ ሲመታ ድምፁ ግቢውን ሞላው። ፋሲካ በዚህ መሐል፣ ውሃ በመጣ ቀን ሁሌ እንደምታደርገው፣ ማድ ቤት ገብታ ማሽኑን ሰካች።

«ንቀይው!» አለች ለተሥላሴ።

«ምኑን?»

«ማሽኑን ንቀይ! በርሜሉ ይሙላ መጀመሪያ!»

ከአጥሩ ማዶ የፈንታነሽ ድምፅ፣ «እሰይ! ለተ ድምፅ አወጣች!» ሲል ተሰማ።

ፋሲካ በማድ ቤቱ በር ብቅ አለች፤ ግንባሯን ቋጥራለች። ለተሥላሴ ጎማውን ይዛ አየቻት፤ ይኸው ተቀየመች፣ አለች በልቧ። ቃሏን ግን አልመለሰችም።

«ነቀልኩት፣» አለች ፋሲካ። «አንቺ ግን ውሃውን መሬት ላይ እያፈሰስሽው ነው፤ ጎማውን በርሜሉ አፍ ላይ ያዢው እንጂ እማ! የት ነው የምታዪው?»

ለተሥላሴ ጎንበስ ብላ አየች፤ ውሃው በበርሜሉ ጎን እየወረደ ጫማዋን አርሶታል።

«አንቺ ስታወሪኝ ነው!» አለች።

«ደግሞ በእኔ ታላክኪያለሽ!»

እየተነታረኩ በርሜሉን ሞሉ፤ ጀሪካኖቹን ሞሉ፤ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር ሞሉ። ከዚያ ቧንቧው ፉት አለና ደረቀ፤ በየትኛው ጀሪካን ልብስ እንደሚታጠብ ግን ገና አልተስማሙም ነበር።